ሱሉልታ ላይ ለ60 ካሬ ግቢ፦ የማይገዝፍ፣ የሚያምር፣ የሚበላም ተክል ምን ልትከል?

የሱሉልታዋ
ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ፣ የጓሮ ወዳጆች። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ቤት ሠርተን ከገባን ሁለት ዓመታችን ነው። ቦታው 200 ካሬ ሲሆን ቤቱ፣ የመኪና ማቆሚያውና የፍሳሽ ጉድጓዱ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ በደቡብ በኩል ወደ 60 ካሬ የሚጠጋ መሬት ተርፎኛል። እኔ ያደግሁት አያቴ ግቢ ኮክ ዛፍ ላይ ስወጣና ስወርድ ነው። ልጆቼ ግን እስካሁን የሚያውቁት የጎረቤትን ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ሐምሌ ከአንድ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ሁለት ማንጎ ገዛሁ። «ድንክ ዝርያ ነው፤ ከሰው ቁመት አያልፍም፤ በሁለተኛው ዓመት ያፈራል» አለኝ። ክረምቱን በደህና ተሻገሩ። መስከረም ላይ መዳብ የመሰለ አዲስ ቅጠል አወጡ፤ የስድስት ዓመት ልጄም በየቀኑ ቅጠሉን ትቆጥር ነበር። ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ስንነሣ ግን ሣሩ ነጭ ሆኗል፣ ደጅ ባደረው ባልዲ ውሃ ላይ ስስ በረዶ ረግቷል፣ ማንጎዎቹም የፈላ ውሃ የተደፋባቸው መስለዋል። በሦስተኛው ቀን ጠቆሩ። ልጄ «ብርድ ልብስ ብናለብሳቸው ኖሮ» ብላ አለቀሰች።

እንደ ገና ልጀምር ነው። በየግቢው ከማየው ፋይከስና የፈረንጅ ጽድ የተለየ፣ ዓይን የሚስብ፣ ግን ቤቴን የማይውጥ አንድ ዛፍ እፈልጋለሁ። ከአጠገቡ ደግሞ የሚበላ ነገር የሚሰጡ ሁለት ሦስት ተክሎች። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። «ድንክ» የሚባለውስ ነገር እውነት አለው ወይስ የሻጭ ወሬ ነው?


ጡረተኛው አትክልተኛ
ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣ በማንጎዎቹ አዝኛለሁ፤ ብርድ ልብሱ ግን አያድናቸውም ነበር። ማንጎ የቆላ ዛፍ ነው። አንቺ ያለሽው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንዱን ሌሊት ብታሻግሪው ሌላው ሌሊት ይጠብቀዋል፤ ከውርጩ ቢተርፍም ለማበብና ፍሬውን ለማብሰል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም።

ስለ ሱሉልታ ሜዳ አንድ ነገር ላስረዳሽ፤ ምርጫሽ ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች፣ ደመና በሌለበትና ነፋስ በማይኖርበት ጊዜ፣ በእንጦጦና በዙሪያው ካሉ ተራሮች ጀርባ የሚወርደው ብርድ ሜዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከሜዳው ከፍ ብሎ ተዳፋት ላይ ያለ ጎረቤትሽ ሎሚው ሳይነካ፣ ያንቺ ሣር ነጭ ሆኖ ሊያድር ይችላል። «እገሌ ግቢ በቅሏል» የሚለውን ወሬ ከመከተልሽ በፊት እገሌ ያለው ከላይ ነው ወይስ ከታች ብለሽ ጠይቂ።

«ድንክ» ውሸት አይደለም፤ ሻጩ ግን ትርጉሙን አያውቀውም። የፍራፍሬ ዛፍ ሲዳቀል ሁለት ተክል አንድ ይሆናል። ከላይ ያለው ፍሬውን ይሰጣል፤ ከታች ያለው፣ የሥር ግንዱ፣ ቁመቱን ይወስናል። ያው አንድ ዓይነት ፖም ኤም 9 በሚባለው የሥር ግንድ ላይ ቢዳቀል ሁለት ሜትር ተኩል ወይም ሦስት ሜትር ላይ ይቆማል። ኤምኤም 106 ላይ ቢዳቀል አራትና አምስት ሜትር ይደርሳል። ከዘር ከበቀለ ሥር ላይ ቢዳቀል ደግሞ ቤትሽን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ችግኝ ስትገዢ «ድንክ ነው?» አትበይ፤ «የሥር ግንዱ ምንድን ነው?» በይ። ሻጩ መልስ ከሌለው ድንክነቱም የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የተዳቀለበት መጋጠሚያ፣ ያ እብጠት ያለበት ቦታ፣ ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይቅር። ብዙ ሰው «እንዳይወድቅ» ብሎ ጠልቆ ይተክለዋል። መጋጠሚያው አፈር ከነካ የላይኛው ግንድ የራሱን ሥር ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ የታችኛው አያዘውም። ድንክ ብለው የገዙት ፖም በአምስት ዓመቱ ጣሪያ ላይ የወጣባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።


መረሬ
ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከኮዬ ፈጬ ነው የምጽፈው፤ ሙያዬ ግንባታ ነው። እህቴ፣ ስለ ውርጩ ጋሼ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ጥቁሩ አፈር ልናገር፤ አፈሩን የማውቀው ከግድግዳ ስንጥቅ ነው።

መረሬ የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲከፈት የዛፉን ቀጫጭን ሥሮች አብሮ ይበጥሳቸዋል። በዚህ ላይ ውሃ የሚወድ ትልቅ ዛፍ ከመሠረቱ አጠገብ ከተከላችሁ አፈሩን ይበልጥ ያደርቀዋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በአንድ ጎኑ ይሰምጣል። እኛ ግቢ የቀድሞው ባለቤት ከአጥሩ በሁለት ክንድ ርቀት የተከለው ፋይከስ አጥሩን ገፍቶ አዘነበለው፣ የፍሳሹንም ቱቦ ፈልጎ ገባበት። ዛፉን ነቅለን አጥሩን እንደ አዲስ ሠራን። ስለዚህ ትልቅ የሚሆን ዛፍ ሁሉ ከፍሳሽ ጉድጓድሽ ይራቅ። ከዚያ ከ60 ካሬሽ የሚቀርሽን ለኪ፤ ከምታስቢው ያንሳል።

የመትከያ ጉድጓዱንም በተመለከተ፣ በመረሬ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በጥሩ አፈር መሙላት ገንዳ መሥራት ማለት ነው። የክረምቱ ውሃ ሁሉ እዚያ ገብቶ ይቀራል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። እኔ የማደርገው መሬቱን በዶማ ፈርከስ አድርጌ፣ ከላይ ቀይ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ ግማሽ ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መደብ መሥራት ነው። ዛፉ እላዩ ላይ ይተከላል። ዙሪያውን ቦይ እተውለታለሁ፤ በበጋ ደግሞ ስንጥቅ እንዳይበዛ የጤፍ ገለባ አለብሰዋለሁ። ገለባው ግንዱን ግን አይንካ።


ሰበታዋ
ኅዳር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

የሱሉልታዋ እህቴ፣ «የተለየ» ስትዪ ልቤ ዘለለ። እኛ አገር የተለየ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ዳር የሚያብበውን ግን ቁጥቋጦ ብሎ ያልፈዋል።

አምጃን ታውቂዋለሽ? ወደ እንጦጦ ስትወጪ፣ ከዚያም በላይ በደጋው ተራራ ሁሉ የምታዪው፣ ትልልቅ ቢጫ አበባ ያለው ነው። አበባው የሕፃን መዳፍ ያህላል፤ ቅጠሉን በጣት አሽተሽ ብታሸቺው የወጥ ቅመም ይሸታል። ብርዱ ቤቱ ነው፤ ተራራ ላይ ሦስት ሺህ ሜትር አልፎ ይኖራል። ግቢ ውስጥ ከተገረዘ ሁለት፣ ሦስት ሜትር ላይ ይቆያል። አንድም ቀን ብርድ ልብስ አይጠይቅሽም። እኔ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት አለኝ፤ በጭጋግ ማለዳ ያ ቢጫ ሲታይ እስካሁን አልለመድሁትም።

ሁለተኛው ቀጋ ነው። የራሳችን ጽጌረዳ! ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛ ጽጌረዳ እርሱ ነው። ነጭ አበባው ሽታ አለው፤ ከአበባው በኋላ ብርቱካንማ ቀይ ፍሬ ይሰጣል፤ እረኞች የሚበሉት ያው ነው። ለልጆችሽ ስትሰጪ ግን ከፍላችሁ ውስጡን ጥረጉት፤ ዘሮቹን የሸፈነው ጠጉር ጉሮሮ ያሳክካል። እሾኹ ብርቱ ስለሆነ ከአጥሩ ጥግ አስይዢው፤ አጥርሽንም ይጠብቅልሻል። አጋምን አብራችሁ ብታስቡት ደስ ባለኝ፤ የአበባው ሽታ ከጃስሚን አይተናነስም፤ ሜዳው ላይ ግን ውርጩን እንዴት እንደሚችል አላየሁም፤ ስለዚህ አልገፋፋሽም።

ድግጣም አለ፤ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ቢጫ አበባ። ደቡብ አፍሪካውያን በግቢያቸው ለጌጥ ይተክሉታል፤ እኛ ደግሞ ቅጠሉን ቀቅለን የከብት ቅማል እናጥብበታለን። ፍሬው ግን መርዝ ነው። ስድስት ዓመት ልጅ ላለበት ግቢ እኔ አልመርጠውም። ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ ነው የጻፍሁት።


የቡራዩው
ኅዳር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰበታዋን አከብራለሁ፤ ግን ቁጥቋጦ ዛፍ አይደለም። እህታችን የጠየቀችው ልጅ የሚጠለልበት ዛፍ ነው። ጃካራንዳን ለምን ትሸሹታላችሁ? እኛ ግቢ አለ፤ ሲያብብ መሬቱ ሐምራዊ ምንጣፍ ይሆናል። ከአርጀንቲናና ከቦሊቪያ መጣ ብለን የምንንቀው ከሆነ በርበሬውም ድንቹም ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው የመጡት። ከየት መጣ ሳይሆን እንዴት ሆነ ነው ጥያቄው።


ሰበታዋ
ኅዳር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ መጤ ስለሆነ አልጠላሁትም። ሐምራዊ ከወደዱ ግን ብርብራ አለ፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ሐምራዊ አበባ የሚዘረግፍ ዛፍ። የቡና ገበሬ ለጥላ ይወደዋል፤ የወንዝ ዳር ሰው ደግሞ ፍሬውን ወቅጦ ዓሣ ያደነዝዝበታል። ጃካራንዳ በየከተማው በየመንገዱ ሲተከል ብርብራ በገዛ አገሩ ስሙ እንኳ ሲረሳ ማየት ያንገበግበኛል።


ጡረተኛው አትክልተኛ
ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ለሱሉልታዋ ግን ሁለቱም አይሆኑም። የቡራዩው ወንድሜ፣ ያንተ ጃካራንዳ ተዳፋት ላይ፣ ቀይ አፈር ላይ ነው ያደገው። ችግኝ እያለ ውርጭ ካገኘው ጫፉ ይቃጠላል፤ ደግሞ ይነሣል፤ እንደገና ይቃጠላል፤ በመጨረሻ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ብርብራም ከ2,500 ሜትር ወዲያ የሚመች አገር አያገኝም። ሁለቱም ደግሞ ለ60 ካሬ ግዙፍ ናቸው።

እኔ ከዛፍ ሁሉ የምወደው ኮሶን ነው። ብርዱን ይችላል፤ ልጣጩ ቀላ ብሎ እየተላጠ ያምራል፤ የሴቴው ዛፍ አበባ እንደ ቀይ መጋረጃ ይወርዳል። ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ስለሆኑ ቀዩን መጋረጃ ፈልጎ የተከለ ሰው ችግኙ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሲያብብ ነው። ቁመቱ ግን ሃያ ሜትር ይደርሳል። በአንቺ ግቢ ኮሶ መትከል በሬን ጓዳ ማሰር ነው። የሰፈራችሁ ሰዎች ተስማምተው በወንዙ ዳር ወይም በመንገዱ ዳር ቢተክሉት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አንድ ዝግባ በትልቅ በርሜል ውስጥ አሳድግ ነበር። ዝግባ አዝጋሚ ነው፤ ደን ውስጥ ትልቅ ዛፍ ቢሆንም በርሜል ውስጥ ሥሩ ሲጠብበትና በየዓመቱ ሲከረከም ለብዙ ዓመት ሰው አክሎ ይኖራል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ሐሳብሽን ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሂጂ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከከተማው አስተዳደር በጋራ የተቋቋመ ነው፤ ቦታውም ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ደልቶት የምታዪው ዛፍ ካንቺ አየር ጋር ይቀራረባል። ችግኙን ሳይሆን ያደገውን ዛፍ እዪ። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሁሉም ችግኝ ድንክ ነው።


የወልቂጤ ልጅ
ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

እንሰትን እስካሁን ማንም አለማንሣቱ ገረመኝ። ልጅነቴ እንሰት ጥላ ሥር ነው ያለፈው፤ አሁን የምኖረው ፉሪ ነው፤ በሬ ላይ ሦስት ተክያለሁ። እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። አውሮፓውያን አትክልተኞች ቀይ ቅጠል ያለውን እንሰት ለጌጥ በውድ ገዝተው ይተክሉታል፤ ብርዱ ሲመጣ ቆፍረው ወደ ቤት ያስገቡታል። እኛ አገር ግን ከተማ የገባ ሰው «የገጠር ነው» ብሎ ይተወዋል። ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፤ ጥላው ሥር ጎመን ይበቅላል፤ እናቴ መጥታ ቅጠሉን ስትዳስስ አገሯ የገባች ይመስላታል።

እውነቱን ለመናገር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ከመካከሉ ግን እንደገና ያወጣል። ነፋስ በማይመታው ጥግ ይሁን። ችግኝ ስታመጡ ግን ከየት እንደመጣ እወቁ፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላዋና በማጭድ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። እኔ ቢላዋዬን በእሳት ሳላስነካ ቅጠል አልቆርጥም። አንዱ ከጠወለገ ነቅላችሁ ቅበሩት፤ ለጎረቤት አትስጡ።


ከሩቅ ያለሁ
ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

የምኖረው ውጭ አገር ነው። ለገና ስመጣ የጃፓን ሜፕል የሚባል የጌጥ ዛፍ ቅርንጫፎችና ሁለት ድንክ ፖም በሻንጣ ላመጣላችሁ እችላለሁ። የሜፕሉ ቅጠል በመከር እንደ ደም ይቀላል፤ በአዲስ አበባ ማንም ዘንድ የለም።


ጡረተኛው አትክልተኛ
ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሐሳብህ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ወንድሜ፤ ግን እባክህ አታምጣ። ተክል ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም አለው። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የማንጎ ነጭ ተባይ ከውጭ ከገባ ችግኝ ጋር እንደመጣ ነው የሚታመነው። ዛሬ የስንቱን ገበሬ ማንጎ አበላሽቷል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ በዓይን የማይታይ ነገር አንድ አገር ሊያዳርስ ይችላል። ሜፕሉም ቢሆን ያ ደም የመሰለ ቅጠል የሚመጣው ረጅም በጋና እውነተኛ ቀዝቃዛ ክረምት ሲፈራረቁ ነው። እዚህ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ዛፉ መተኛትም መንቃትም ያቅተዋል።

ፖም ከፈለጋችሁ ከጨንቻ አምጡ። ጨንቻም እንደ ሱሉልታ ደጋ ነው፤ ፖም እዚያ ከገባ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ችግኝ የሚያዳቅሉ ገበሬዎችም አሉ።


የሱሉልታዋ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ጉለሌ ሄድን። ኮሶውን ሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ አየሁትና ለምን በግቢዬ እንደማይሆን ያለ ክርክር ገባኝ። አምጃውን ግን ልጄ አቅፋው አልለቀው አለች። ጋሼ፣ ፖሙን በተመለከተ ጠለቅ አድርገው ይንገሩኝ፤ ለሱሉልታ የትኛው ነው? አቮካዶስ? ካዝሚርስ? ጎረቤቴ ካዝሚር ትከይ ትለኛለች።


ጡረተኛው አትክልተኛ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ካዝሚር ይቅር። ትልቅ ዛፍ ይሆናል፤ ፍሬው ሲበስል በአንድ ጊዜ ይረግፋል፤ መሬቱ ሁሉ ይዝረከረካል፤ ዝንብ ይሰበሰባል። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርም የሚበላ አይደለም። አቮካዶ ደግሞ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንቺ ዘንድ ሁለቱም አሉ። አንዱ ውርጭ ነው። ሌላው የሚቆም ውሃ ነው፤ ሥሩን የሚያበሰብስ ሻጋታ ያመጣበታል። ሰበታና ቡራዩ ተዳፋት ላይ ያላችሁ ግን ሐስ የሚባለውን የተዳቀለ የአቮካዶ ዝርያ ትከሉ፤ ከአጠገቡ ኤቲንገር ወይም ፉኤርቴ ቢኖር ጥሩ ነው። ሐስ አበባው ጠዋት ሴቴ ሆኖ ይከፈታል፣ በማግሥቱ ከሰዓት ወንዴ ይሆናል፤ የእነዚያ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ንብ ሁለቱን ስታገናኝ ፍሬው ይበዛል።

ወሽመላን አስቢበት። ቅጠሉ ትልቅ፣ ሰፊ፣ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የማያፈራ ቢሆን እንኳ ለውበቱ ይተከላል። ዛፉ ብርዱን ይችላል፤ አበባውና ጨቅላ ፍሬው ግን በውርጭ ሊመታ ስለሚችል አንዳንድ ዓመት ፍሬ ላታገኚ ትችያለሽ። ከተገረዘ ሦስት ሜትር ላይ ይቆያል።

አሁን ወደ ፖሙ። የአውሮፓ ፖም በብዛት ስምንት መቶ፣ አንድ ሺህ ሰዓት ቅዝቃዜ ካላገኘ አያብብም። እኛ ዘንድ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ ያን ያህል አይሞላም። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ሁለቱ ግን የሚፈልጉት ቅዝቃዜ ትንሽ ነው። አና በእስራኤል የተገኘ ነው፤ ዶርሴት ጎልደን በባሃማስ ደሴቶች። ሁለቱን አንድ ላይ ትከዪ፤ አና ብቻውን በደንብ አያፈራም፤ ዶርሴት ጎልደን የወንዴ ዱቄት ይሰጠዋል።

የሥር ግንዱን ስትመርጪ ኤም 9 ትንሹን ዛፍ ይሰጥሻል፤ ሥሩ ግን ደካማ ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ኤምኤም 106 ጠንካራ ነው፤ የፖም ቅማልንም ይቋቋማል፤ እርጥብ አፈር ላይ ግን ግንዱ ሥር ይበሰብሳል። መረሬ ወንድማችን ያለሽን መደብ ከሠራሽ ሁለቱም ይሆናሉ። እኔ ለስንፍና ቦታ በሌለበት ትንሽ ግቢ ኤም 9ን እመርጣለሁ፤ ድጋፉን በደንብ ትከዪ።

ደግሞም ይህን ያዢ፦ ፍሬ ከተሰበሰበ በኋላ ዛፉ ቅጠሉን በራሱ ካላራገፈ አንቺ በእጅሽ አራግፊው። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን በደጋችን ዛፉን «ብርዱ አልፏል» ብሎ የሚያስነሣው ይህ ነው። ከቅጠሉ ጋር ቡቃያውን እንዳትቀነጥሺ ተጠንቀቂ።


የቡራዩው
ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከጃካራንዳዬ ባልመለስም ከዚህ ውይይት ብዙ ተምሬያለሁ። ለአጥር የሚሆን ልጨምር፤ ጌሾ። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ መቀስ የሚችል ነው። ባለቤቴ በየዓመቱ ለፋሲካ ጠላ ከራሷ አጥር ላይ ትቀነጥሳለች፤ ከገበያው ጌሾ ጋር አይወዳደርም። የዛፍ ቲማቲምም አለን፤ ከዘር በሁለተኛው ዓመት አፈራ። ሱሉልታ ላይ ውርጩ ይጎዳዋልና ከግድግዳ ጥግ ይሁን።


ሰበታዋ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

የደቡቡ ግድግዳ! የሱሉልታዋ፣ መሬትሽ በደቡብ በኩል ነው አላልሽም? በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ግድግዳሽ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ሌሊት ያንን ሙቀት ይመልሳል። ውርጭ የሚፈራውን ሁሉ ከዚያ አጠገብ ደርድሪ፦ ሎሚ፣ ኮሰረት፣ የዛፍ ቲማቲም። መረሬ ወንድሜ እንዳይቆጣ፣ ከመሠረቱ እንዲርቅ በበርሜልና በትልቅ ሸክላ ይሁን። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ግን ብርድ አያስፈራቸውም፤ የትም ቢሆን ውሃ የማያቁር ቦታ ብቻ ስጫቸው።


የሱሉልታዋ
ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ብዙ ወር ጠፍቼ መጣሁ፤ እየሠራሁ ነበር። ሁለት ኩንታል የበሰበሰ ፍግና አንድ መኪና ቀይ አፈር አስመጥቼ ሁለት መደብ ሠራን። አናውና ዶርሴት ጎልደኑ ከጨንቻ በሰው በኩል መጡ፤ ሁለቱም ኤም 9 ላይ የተዳቀሉ ናቸው። መጋጠሚያቸው ከአፈር አንድ ስንዝር በላይ ነው፤ ልጄ በራሷ ስንዝር፣ እኔ በእኔ ለካን። አምጃው በበሩ ፊት ለፊት፣ ቀጋው በሰሜን አጥር ጥግ ተተከሉ። ጌሾ ስድስት ተከልሁ። እንሰት አንድ፤ የወልቂጤ ልጅ ላስቸግርህ፣ ቢላዋውን በእሳት አስነክቼ ነው። ዝግባው በርሜል ውስጥ ገባ፤ ገና የእጄ ቁመት ነው። ወሽመላን ለጊዜው ተውሁት፤ ቦታው አለቀ።


የሱሉልታዋ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውርጭ ወረደ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከልጄ ጋር ወጣን። የእንሰቱ ቅጠል ተቃጥሏል፤ መካከሉ ግን አረንጓዴ ነው። ሎሚው በበርሜሉ ግድግዳውን ተጠግቶ ሳይነካ አድሯል። አምጃው ቅጠሉ ላይ አመዳይ ተቀምጦ እያለ አብቧል። ፖሞቹ ደህና ናቸው።


ሰበታዋ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አመዳይ ለብሶ ያበበ አምጃ! እባክሽ ፎቶ አንሺልኝ።


የሱሉልታዋ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ምክር ፈለግሁ። አናው ላይ ስምንት የአበባ እቅፍ ወጣ፤ ዶርሴት ጎልደኑም ሦስት አወጣ። ዛፎቹ ገና የልጄን ትከሻ አይደርሱም። ልተወው ወይስ ልቅጠፈው?


ጡረተኛው አትክልተኛ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቅጠፊው፣ ልጄ። ኤም 9 ልጅ ሆኖ ማፍራት ይወዳል፤ ዕድል ከተሰጠው ጉልበቱን ሁሉ ፍሬ ላይ ጨርሶ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። በዚህና በሚቀጥለው ዓመት ግንዱና ቅርንጫፉ ይጠንክር። ትንሿ ቅር ካላት ግን ከአናው ላይ አንድ እቅፍ ትምረጥና ትተው፤ አንድ ፍሬ ዛፉን አይጎዳውም። ድጋፉን እንጨት ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፤ ማሰሪያው ግን ልጣጩን እንዳይቆርጠው በጨርቅ ይሁን፤ በየሦስት ወሩም ፈትተሽ እሰሪው።


የሱሉልታዋ
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀጠፍን። የመረጠችው በምሥራቅ በኩል ያለውን የታችኛውን እቅፍ ነው፤ ከወንበር ላይ ሳትወጣ እንድታየው። ማሰሪያውን ከአሮጌ ነጠላዬ ጥለት ቀድጄ ሠራሁት።